እሁድ የተሠራ የረቡዕ እራት

የዛሬው ጨዋታችን ስለ እራት ነው። በተለይም ከሥራ ደክመን የምንገባ ወላጆች፣ እኛ እስክንገባም ልጆቻችንን የሚጠብቁልን አያቶች ማታ ማታ ስለምንጨነቅበት እራት።

ቤቴ ሳሪስ ነው፣ የምሠራው ደግሞ ሜክሲኮ አካባቢ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ባቡሩ ቶሎ ከመጣ በባቡር፣ ካልመጣ የታክሲ ሰልፍ ይዤ ቤቴ የምደርሰው ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሲብስም 2 ሰዓት ይሆናል። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ አንዴ ወደ ጅቡቲ ከወጣ ሳምንትም ከዚያ በላይም ይቆያል። የቤት ሠራተኛችን ከሄደች ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ከዚያ ወዲህ ልጆቹን ከትምህርት ቤት የምትቀበለው እናቴ ናት። እማዬ ዕድሜዋ ገፍቷል፣ ጉልበቷንም ያማታል፤ ልጆቹን መጠበቁ ሳያንስ ወጥ ስሪልኝ ማለት አልሆነልኝም። እናም እቃዬን ሳላስቀምጥ ሽንኩርት ልጣጭ ላይ እቀመጥ ነበር። እራቱ ሲደርስ ትንሿ ልጄ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። ትልቁ ደግሞ ዳቦ በሻይ በልቶ ጠግቧል።

በአንድ የወላጆች ቀን የትንሿ ልጄ መምህርት «ቤተሰቤ» በሚል ርዕስ የሳለችውን ሥዕል አሳየችኝ። አያቷ አለች፣ ወንድሟ አለ፣ አባቷ ከነመኪናው አለ። እኔም አለሁ፤ ግን ጀርባዬን ሰጥቼ ቆሜያለሁ። መምህርቷ «ፊቷስ የታለ?» ብላ ስትጠይቃት «ወጥ እየሠራች ነው» አለቻት። መምህርቷ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ባቡር ውስጥ ግን እንባዬ መጣ።

ያን ሰሞን አሜሪካ ቨርጂኒያ ለምትኖረው እህቴ ይህንኑ አጫወትኳት። እሷም ሁለት ሥራ የምትሠራ የሦስት ልጆች እናት ናት። «እኔ እኮ በሥራ ቀን ምንም አልሠራም፤ እሁድ ሠርቼ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጣለሁ» አለችኝ። ከምታስቀምጣቸው ምግቦች አንዱ ጎረቤቶቿ ከሆኑ የሜክሲኮ ሰዎች አይታ የለመደችው ነው፤ ቂጣ፣ ሥጋ፣ ቦሎቄና አይብ ተደራርቦ በምድጃ የሚበስል ምግብ። ሜክሲኮዎቹ ራሳቸው «ፓስቴል አስቴካ» የሚሉት ተመሳሳይ ድርብርብ አላቸው። እኛ ቤት ስሙ «የሜክሲኮ ድርብርብ» ሆኗል።

መጀመሪያ ላይ «የሰው አገር ምግብ ምን ሊያደርግልኝ ነው?» ብዬ ነበር። ነገሩን ሳስበው ግን የሰው አገር ምግብ የምለው ግማሹ እኛ ጓዳ ውስጥ አለ። በቆሎ መጀመሪያ የተለመደው ሜክሲኮ ውስጥ ነው፤ የዛሬ 9 ሺህ ዓመት ገደማ። የበርበሬና የቃሪያ ዘርም የዚያው አካባቢ ተወላጅ ነው። ቦሎቄና ቲማቲምም ከአሜሪካ አህጉር የመጡ ናቸው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የአውሮፓ መርከቦች እዚያ ከደረሱ በኋላ በባሕር ተሻግረው ዓለምን አዳረሱ፣ ወደ እኛም መጡ። ዛሬ ያለ በርበሬ ወጥ ማን ያስባል? እንግዲህ እንዲህ ከሆነ፣ ሜክሲኮዎችና እኛ በወጥ ቤት በኩል የሩቅ ዘመድ ነን ማለት ነው።

ዝምድናው በወጥ ቤት ብቻ አይደለም። በየቀኑ የምወርድበት ሜክሲኮ አደባባይም ስሙን በዋዛ አላገኘም። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም አገራችንን ስትወር፣ ወረራውን አንቀበልም ብለው ከጸኑት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1946 ዓ.ም ሜክሲኮን ጎብኝተዋል። በሜክሲኮ ከተማም በአገራችን ስም የሚጠራ አደባባይና የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አለ። ይህን ለትልቁ ልጄ እራት ላይ ስነግረው «እዚያም ታዲያ ኢትዮጵያ ወራጅ አለ ይላሉ?» ብሎ አሳቀን።

ወደ ሥራው እንግባ። ከታች የምሰጣችሁ ልክ ለሁለት ክብ ትሪ ይበቃል። አንዱ ትሪ ለአምስት ሰው እራት ይሆናል። አንዱን እሁድ በልታችሁ ሌላውን ማስቀመጥ ትችላላችሁ።

ለቂጣው 3 ኩባያ የበቆሎ ዱቄትና 1 ኩባያ የስንዴ ዱቄት ከትንሽ ጨው ጋር ቀላቅሉ። ለብ ባለ ውሃ አሽታችሁ ግማሽ ሰዓት አሳርፉት። የስንዴው ዱቄት ለምን ገባ ብትሉ፣ ሜክሲኮዎች በቆሎውን ከመፍጨታቸው በፊት በኖራ ውሃ ቀቅለው ያሳድሩታል፤ ሊጡ የሚያያዝላቸው በዚያ ነው። የእኛ ዱቄት በዚያ መንገድ ስላላለፈ ብቻውን ሲሆን ይፈረካከሳል። ሊጡን ስድስት ቦታ ከፍላችሁ በትሪያችሁ ስፋት ስስ አድርጋችሁ ዳምጡና በምጣድ ወይም በመጥበሻ ሁለቱንም ፊት ጋግሩ። በጣም አታድርቁት።

ለስልሱ 4 መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ከትፋችሁ በዘይት አቁላሉ። 5 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ግማሽ ኪሎ የተፈጨ ሥጋ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ በርበሬና 1 የሻይ ማንኪያ ከሙን ጨምሩ። ሥጋው መልኩን ሲለውጥ 6 የበሰሉ ቲማቲሞች ከትፋችሁ ከ3 የሾርባ ማንኪያ ሳልሳ ጋር ጨምሩበት። 1 ኩባያ ውሃ አክላችሁ በመጠነኛ እሳት ለግማሽ ሰዓት አብስሉት። ስልሱ ቀጠን ይበል፤ ቂጣው ይጠጣዋልና። ለልጆች የሚሆን ከሆነ በርበሬውን ቀንሳችሁ ቃሪያውን ገበታ ላይ ለትልልቆቹ ለብቻው አቅርቡ።

1 ኩባያ ተኩል ቦሎቄ ቅዳሜ ማታ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩ። የተዘፈዘፈበትን ውሃ ድፉና በአዲስ ውሃ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ በኃይል አፍሉት፤ ከዚያ እሳቱን ቀንሳችሁ እስኪለሰልስ ቀቅሉት። የ10 ደቂቃው ነገር ቀልድ አይደለም። በደንብ ያልፈላ ቦሎቄ፣ በተለይ ቀዩ፣ ሆድ የሚያውክ መርዛማ ነገር አለው፤ የሚጠፋውም በኃይለኛ ፍላት ነው። 2 የበቆሎ እሸት ደግሞ ቀቅላችሁ ፈልፍሉ። ከሱቅ 250 ግራም ያህል ፕሮቮሎኔ አይብ ገዝታችሁ ፈግፍጉ። የአገራችን አይብም ይሆናል፤ ፍሪዘር ውስጥ ቆይቶ ሲወጣ ስለሚፈረፈር ግን መሐል ላይ ይግባ እንጂ ላዩ ላይ አይሁን።

አሁን መደርደር ነው። ትሪውን ዘይት ቀቡ። ከሥር ትንሽ ስልስ፣ ከዚያ ቂጣ፣ ከዚያ ስልስ፣ ቦሎቄ፣ በቆሎና አይብ። ለአንድ ትሪ ይህን ሦስት ጊዜ ደጋግሙ። ላዩ ስልስና አይብ ይሁን። ለዛሬ የሚበላውን በ180 ዲግሪ ለ25 ደቂቃ ያህል ምድጃ ውስጥ አቆዩት። የሚቀመጠውን ግን አትጋግሩት፤ ውስጡ ያለው ሁሉ በስሏልና።

«እኔ ኦቨን የለኝም» የምትሉ አትጨነቁ። ትሪውን ኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ አስቀምጣችሁ አክንባሎውን ክደኑበት። ወይም ሰፊ ድስት ውስጥ ደርድራችሁ በዝቅተኛ እሳት ከድናችሁ አብስሉት። መብራት ከሌለ ከሰል አለ፤ እናቶቻችን ድፎ ዳቦ ሲደፉ ከላይም ከታችም እሳት ያደርጉ የለም? እንደዚያው ነው።

ለጾም የሚሆነው ያለ ሥጋና ያለ አይብ ነው። በሥጋው ፈንታ 2 ኩባያ ድፍን ምስር ቀቅላችሁ ስልሱ ውስጥ ጨምሩ። በአይቡ ፈንታ የተቀቀለ ድንች በስሱ ቆርጣችሁ በየመሐሉ ደርድሩ፤ ላዩን በስልስ ሸፍኑት። ከአምስቱ የሥራ ቀን ሁለቱ ረቡዕና ዓርብ ስለሆኑ እኔ ሁልጊዜ ሁለቱንም ዓይነት አዘጋጃለሁ። አንድ ነገር ላክል፤ ሰላጣና አቮካዶ ፍሪዘር አይወዱም። እነሱ ሲበላ ትኩስ ተከትፈው ይቅረቡ።

ስለ ማስቀመጡ ደግሞ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ምግቡ እንደ ተሠራ በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ቀዝቅዞ መግባት አለበት። ትኩሱን ከከተታችሁት ሌላውን ምግብ ያሞቅባችኋል፤ ውጭ ካቆያችሁትም ይበላሻል። ትሪውን በደንብ በፎይል ሸፍኑት፤ አየር ካገኘ ላዩ ይደርቃል። ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ከሆነ ሁለት ሦስት ወር ጣዕሙን ሳይለቅ ይቆያል። ለረቡዕ የሚሆነውን ማክሰኞ ማታ ወደ ታችኛው የፍሪጅ ክፍል አውርዱት። ጠዋት አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ትቶ መሄድ ተገቢ አይደለም፤ መሐሉ በረዶ ሆኖ ሳለ ዳር ዳሩ ሲሞቅ ይውላልና። የመስታወት ሳህን ከሆነ ደግሞ ከፍሪዘር አውጥታችሁ በቀጥታ ትኩስ ምድጃ ውስጥ አትክተቱ፤ ይሰነጠቃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ከቀለጠ በኋላ ለ40 ደቂቃ ያህል ታሞቁታላችሁ። መድረሱን ለማወቅ ቢላዋ መሐሉ ላይ ሰክታችሁ ጥቂት አቆዩና ጫፉን በጥንቃቄ ንኩት። ካልፋጀ አልደረሰም።

መብራቱስ? ይህ የሁላችንም ጥያቄ ነው። መጀመሪያ ሰሞን መብራት ሲጠፋ ፍሪዘሩን በየሰዓቱ እየከፈትኩ «በረዶው አለ?» እል ነበር። ትሪዎቼን ያበላሸሁት በዚሁ ጭንቀቴ ነው። ለካ በሩ ካልተከፈተ ሙሉ ፍሪዘር እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሹ ባዶ የሆነ ደግሞ እስከ 24 ሰዓት ቅዝቃዜውን ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ባዶውን ቦታ አንገታቸው ድረስ ባልሞሉ የውሃ ፕላስቲኮች ሙሉት፤ በሩንም አትክፈቱት። ቤት ሳንኖር መብራት ጠፍቶ መምጣቱን ለማወቅ አንድ የፕላስቲክ ኩባያ ውሃ በረዶ አድርጉና ላዩ ላይ ሳንቲም አስቀምጡ። ሳንቲሙ በረዶው መሐል ወይም ሥር ገብቶ ካገኛችሁት፣ በረዶው ቀልጦ እንደገና ረግቷል ማለት ነው፤ ምግቡን አትመኑት። ሳንቲሙ ካለበት ካልተነቃነቀ በሰላም ብሉ።

ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ ነገሩ የሰመረልኝ መስሎኝ ነበር። በየትሪው ላይ ወረቀት ለጥፌ «የጾም»፣ «የፍስክ» እያልኩ ቀኑን ጨምሬ እጽፋለሁ። ሥራ ስሄድ «እማዬ፣ 12 ሰዓት ሲሆን አሙቂውና ብሉ፤ እኔን አትጠብቁ» እላለሁ።

አንድ ዓርብ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ስገባ ልጆቹ ዳቦ በሻይ ይበላሉ። ትሪው ምድጃው ላይ እንደ ተከደነ ነው። እማዬ ነጠላዋን ተከናንባ ጥግ ላይ ተቀምጣለች።

«ምነው እማዬ፣ አልበላችሁም?»

«በዓርብ ቀን ሥጋ አሳቀፍሽኝ» አለችኝ። ሞቆ ሲከደን ሽታው መጣባት፤ ገልጣ ስታይ ሥጋና አይብ ነው። አፏ አላደረገችውም። ለልጆቹም አልሰጠችም።

«እንዴ እማዬ፣ ላዩ ላይ ተጽፎ የለም እንዴ?»

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። እኔን ለማስተማር ለሰው ጥጥ እየፈተለች፣ ጠላ እየጠመቀች ኖረች እንጂ እሷን ያስተማራት አልነበረም። ሌላ ጊዜ ትልቁ ልጄ እያነበበ ያወጣላት ኖሯል፤ ያን ዕለት እሱ ጓደኛው ቤት ሊያጠና ሄዶ ስለነበር በግምት አወጣች። ይህን ሁሉ ሳምንት አንድም ቀን «ማንበብ እኮ አልችልም» አላለችኝም። እኔም እናቴ መሆኗን እንጂ ማንበብ አለመቻሏን አላሰብኩም።

«ተጽፎ ነበር» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። ሌላ አልጨመረችም።

ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ከፍሪዘር የወጣ ነገር አልነካም አለች። እኔም ወደ ሽንኩርቴ ተመለስኩ። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ «ምን በደልሽኝና» ብላ ዘጋችው። ተናድዳ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። አፍራ ነበር እንጂ አልተቆጣችም፤ ያሳፈርኳት ደግሞ እኔ ነኝ።

ሦስተኛው እሁድ ከሳሪስ አቦ ከቅዳሴ ስንመለስ ስልሱን ማቁላላት ጀመርኩ። እማዬ ከመሶቧ ሥር ያስቀመጠችውን ፈትል ይዛ መጣች። አንዱ ነጭ ነው፤ ሌላው ከአሮጌ ሹራብ የተተረተረ ቀይ ክር። «ነጩ የጾም ይሁን፣ ቀዩ የፍስክ» አለችና በትሪዎቹ ዙሪያ እያዞረች አሰረች። ከዚያ ቀዩ ላይ አንድ ቋጠሮ ቋጠረች። «ይኼ ምንድን ነው?» አልኳት። «የዚህ ሳምንት ነዋ! የሚመጣው እሁድ የምትሠሪው ሁለት ቋጠሮ ይሆናል፤ ቀጥሎ ሦስት። ትንሽ ቋጠሮ ያለው ቀድሞ ይበላል።»

እንግዲህ ቢሮ ውስጥ ስንት ዓመት የንብረት መዝገብ ስይዝ የኖርኩት ሰው፣ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ የሚለውን ደንብ እናቴ በክር ሠራችልኝ። ወረቀት እርጥበት ሲነካው ይለቃል፤ የእማዬ ክር ግን እስካሁን አልተሳሳተም። ትንሿ ልጄም ገና ማንበብ እየተማረች ነውና ክሩን እያየች «እማማ፣ ዛሬ ነጩን ነው!» እያለች ታወጣላታለች።

ስለዚህ አያቶች ቤት ላላችሁ ወላጆች የምለው ይህ ነው። ለቤታችሁ ሥርዓት ስታወጡ፣ ሥርዓቱን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ማን እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ምድጃውን ማብራት ይችላሉ? ትሪውን ማንሳት አይከብዳቸውም? እኔ ሁለተኛውንም ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው፤ አሁን በትልቁ ትሪ ፈንታ እማዬ በአንድ እጇ የምታነሳቸውን ትንንሽ ትሪዎች እጠቀማለሁ። ለእናንተ ለአያቶች ደግሞ፣ ያልገባችሁ ወይም ያልተመቻችሁ ነገር ሲኖር ንገሩን። የምንቸኩል እንጂ የማንሰማ ልጆች አይደለንም።

ድርብርቡን ሁልጊዜ እንበላለን ማለት አይደለም። በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል፤ ሌላውን ቀን ሽሮም አለ፣ እሁድ አብሬ የማቁላላው ቁሌትም አለ። እማዬም ብትሆን «የሜክሲኮ» የሚለውን ስም አልተቀበለችውም። መጀመሪያ የቀመሰች ቀን አላምጣ አላምጣ «ይኼ እኮ የበቆሎ ቂጣ ፍትፍት ነው፤ መፈትፈት ሰንፈው ደረደሩት እንጂ» ነው ያለችው።

ባለፈው ረቡዕ 2 ሰዓት ላይ ገባሁ። በልተው ጨርሰዋል፤ የእኔ ድርሻ በሳህን ተከድኖ ቆይቶልኛል። ሽንኩርት አልላጥኩም። ጫማዬን አውልቄ ተቀመጥኩ፤ ትንሿም ደብተሯን ይዛ ጉልበቴ ላይ ወጣችና «ሀ»ን ከ«ሐ» ለይቼ ላሳይሽ አለችኝ። እማዬም ከወዲያ ሆና አንገቷን ሰገግ አድርጋ ታያለች። «ለእኔም አሳዪኝ እስቲ» አለቻት።

እሁድ ሞክሩትና እንዴት እንደ ሆነላችሁ ጻፉልኝ። ሳምንት በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።